ማበጠሪያና ታናሽ እህቷ

ቢሮው ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ማበጠሪያ ነው የሚሏት። ስሙን ያወጣላት ጣሪያ የሚነድፍ ባልደረባዋ ነበር፤ እሱንም ሸረሪቱ ይሉታል። አንድ ቀን ከጀርባዋ ቆሞ ስክሪኗን ሲያይ ቆየና «ይቺ ሴትዮ ሽቦ አይደለም የምትሠራው፣ ፀጉር ነው የምታበጥረው» አለ። ፀጉሯ ስስ ነበር፤ ከግንባሯ በላይ መሸሽ ጀምሯል። ሳቁ የበረታው ለዚህ ነው። እሷም አብራ ሳቀች፤ ስሙም በዚያው ጸና።

ሽቦ የተባለው እውነተኛ ሽቦ አይደለም። ቢሮው ሕንፃ በሚነድፍበት ሶፍትዌር ውስጥ ትንንሽ ሳጥኖችን ስክሪን ላይ እየደረደሩ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መስመር እየሳቡ የሚሠሩት ሥራ አለ። አንዱ ሳጥን የፎቆቹን ብዛት ይይዛል፣ ሌላው የፊት ግድግዳውን ይከፋፍላል፣ ሌላው ለየክፍልፋዩ መስኮት ያበጅለታል። የሚያያይዟቸውን መስመሮች ሽቦ ይሏቸዋል፤ ጠቅላላውን ደግሞ ግራፍ። ደንበኛው «ሁለት ፎቅ ጨምሩልኝ» ካለ አንድ ቁጥር ይነካል፤ ቁጥሩ በየሽቦው አልፎ ሕንፃው ራሱን ያሳድጋል። ሳጥኖቹ ጥቂት ሲሆኑ እንደ ጨዋታ ነው። በመቶ ሲቆጠሩ ግን ማን ከማን እንደተያያዘ የሠራው ሰው ራሱ አያውቀውም። ውሉ የጠፋበት ልቃቂት ይሆናል።

የማበጠሪያ ግራፍ ግን ውሉ አይጠፋም። ከግራ ይጀምራል፣ ቀኝ ያልቃል፤ ወደ ኋላ የሚመለስ ሽቦ የላትም። አንድ ሥራ የሚሠሩ ሳጥኖች በአንድ ቀለም ታጥረው፣ አናታቸው ላይ ምን እንደሚሠሩ በአጭሩ ተጽፎ ይቀመጣሉ። ሰው ሊቀይራቸው የሚችላቸው ቁጥሮች ሁሉ ግራ ዳር ተሰብስበው ይጠብቁታል። ለሙከራ ገብቶ ሥራ የፈታ ሳጥን እሷ ዘንድ አያድርም። ብዙ ቦታ የሚደጋገም ሥራ ካለ ጠቅልላ አንድ ሳጥን ውስጥ ታስገባዋለች፤ ስምም ታወጣለታለች።

የሸረሪቱ ግራፍ ሌላ ነበር። ሽቦው ሽቦ ላይ ይሄዳል፣ ሳጥኑ ሳጥን ላይ ተጭኗል፣ አንድም የተጻፈ ነገር የለበትም። «ይሄ ምንድን ነው?» ያለው ሰው «እሱን እንዳትነካ፣ ሕንፃው ይጠፋል» የሚል መልስ ያገኛል። በዚህ የተነሳ የቢሮው ኃላፊ እንኳን ሸረሪቱን ሲያናግር ድምፁ ይለሰልስ ነበር።

ማበጠሪያ ይህን ጸባይ ያመጣችው ከቤቷ ነው። እናቷ ሹራብ ሠርታ የምታድር ሴት ናት። ክር የምትጠቀልለው፣ የተወሳሰበውንም የምትፈታው እሷ፣ ትልቋ ልጅ ነበረች። ክሩ ከተቋጠረ እናትየዋ በሹራብ መርፌው የጣቷን አንጓ ትመታታለች፤ አትጮህም፣ አትቆጣም፣ ትመታና ሥራዋን ትቀጥላለች። ታናሽየዋ ክር ነክታ አታውቅም። ሚጡ ይሏታል። ሰባት ዓመት ታንሳለች፤ መልከ መልካም ናት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ ይህቺ እናት ዥንጉርጉሩን ደብቃ አታውቅም። ትልቋ አንድ ቀን «ሚጡስ ለምን አትፈታም?» ብላ ስትጠይቅ እናትየዋ ቀና ሳትል «አንቺ እጅ አለሽ፣ እሷ መልክ አላት» አለቻት። ያኔ ትልቋ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ነገሩን የተቀበለችው እንደ ሒሳብ ነው።

ሚጡ ትምህርቷን ጨርሳ ቤት ስትቀመጥ እናትየዋ ነጋ ጠባ አንድ ነገር ትደግም ጀመር። «እህትሽን አስገቢያት። ያንቺ ሥራ እኮ ቁጭ ብሎ መስመር ማስመር ነው፤ እሷ ያቅታታል?»

ማበጠሪያ ኃላፊውን ለምና አስገባቻት። ከጎኗ አስቀምጣ ታስተምራት ጀመር። ማስተማሯ ግን የእናቷ ነበር፤ መርፌ ብቻ ነው የጎደለው።

«ይሄ ምንድን ነው?» ትላታለች ስክሪኑን በእስክሪብቶ እየነካች።

«ሽቦ ነው፣ እትዬ።»

«ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ... ኋላ።»

«ሽቦ ወደ ኋላ ይሄዳል?»

«አይሄድም።»

«ታዲያ ማን አስኬደው? እኔ ነኝ?»

በዙሪያው ያሉት ሥራቸውን የሚሠሩ መስለው ጆሯቸውን ያቆማሉ። አንድ ቀን ሚጡ ከጠዋት ጀምራ የደረጃ ግራፍ ስትሠራ ውላ፣ ደስ ብሏት «ጨረስኩ» አለች። ማበጠሪያ ወንበሯን ስባ መጣች፣ አየች፣ ከዳር እስከ ዳር መረጠችው፣ አጠፋችው። «የዶሮ ጭረት ነው። ነገ እንደ ሰው ትሠሪዋለሽ» አለቻት። ሸረሪቱ ከማዶ «ማበጠሪያ ዛሬ ምላጭ ሆነች!» አለና ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ሚጡ ተነስታ ወጣች፤ ፊቷን ታጥባ ተመለሰች፤ ከመጀመሪያው ጀመረች። ከዚያ ቀን ወዲህ ሽቦዋ ወደ ኋላ ሄዶ አያውቅም። ማበጠሪያ ኮራችባት፤ ግን አልነገረቻትም።

በዚያ ሰሞን ቢሮው አንድ ትልቅ የሆስፒታል ሕንፃ ያዘ። የፊቱ ግድግዳ በሙሉ ፋብሪካ ተቆርጦ በሚመጣ ሰሌዳ የሚለበስ ነው፤ እያንዳንዱ ሰሌዳ የራሱ ልክና የራሱ የመስኮት ቀዳዳ አለው። ሥራው ለማበጠሪያ ተሰጠ። ኃላፊው ጠርቶ «ሥራ አንድ ሰው ላይ መንጠልጠል የለበትም» አላት። «ሌላ ሰው ከፍቶ እንዲቀጥለው አድርገሽ ጻፊው። ሁሉንም አብራሪው።» ኃላፊው ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ ከመናገሩ በፊት መነጽሩን በከረባቱ የሚወለውል ሰው ነው።

በሥራ ዘመኗ እንደዚያ ተደስታ አታውቅም። በመጨረሻ ሥራዋን የሚያነብ ሰው ተገኘ ብላ አሰበች። ወራት ወሰደባት። ሲያልቅ ግራፉ ከሩቅ ሲታይ የታረሰ ማሳ ይመስል ነበር፤ አረንጓዴው ለግራ ክንፍ፣ ቢጫው ለቀኝ ክንፍ፣ ሰማያዊው ለፋብሪካው የሚላከው የመቁረጫ ልክ። ኃላፊው እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይሄን እዩ» እያለ ያሳይ ነበር። እንግዶቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እሷ ከወንበሯ ግማሽ ተነስታ ትቀመጣለች።

ከዚያ ሥራ ቀነሰ። ሁለት ደንበኞች ሸሹ፣ የፊት ክፍሉ ተከራየ፣ ሻይ የምታፈላው ሴት ተሰናበተች። ኃላፊው ማበጠሪያን ጠራት፤ በሩን ዘጋና ውሃ ቀዳላት።

«ሥራው እንደምታይው ነው» አላት።

«አያለሁ፣ ኢንጂነር።»

«ከእናንተ ከሦስታችሁ አንድ ሰው መቀነስ አለብኝ።»

ሦስቱ እሷ፣ ሸረሪቱና ሚጡ ናቸው። ማበጠሪያ ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች። የተሰማት ሐዘን ነው ለማለት ያስቸግራል፤ እውነቱን ለመናገር እፎይታ ነበር። ለእናቷ በምን ቃል እንደምትነግራት ማሰብ ጀምራ ነበር።

«እሺ» አለች። «እኔው ራሴ ልንገራት። ከእርስዎ ከምትሰማ ይሻላል።»

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። «ለማን?»

«ለእህቴ።»

«የምትወጪው እኮ አንቺ ነሽ» አላት፤ ብርጭቆውንም ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

ለጊዜው አልገባትም። «የሆስፒታሉን ግራፍ የሠራሁት እኔ ነኝ» አለች፣ የረሳ መስሏት።

«ለዚያ ነዋ። ሸረሪቱ ቢሄድ የሱን ሥራ ማን ይከፍተዋል? እኔ አንዴ ከፍቼው ራሴን አሞኝ ዘጋሁት። ያንቺን ግን ማንም ያነበዋል። እኔ እንኳን አነበዋለሁ። እህትሽ ደግሞ አሳምራ ትይዘዋለች፤ ደመወዟም ያንቺን እኩሌታ ነው። በደንብ አስተምረሻታል፤ እግዜር ይስጥሽ።»

«እሷ ታውቃለች?»

«ካለፈው ወር ጀምሮ። ምስኪን፣ ላንቺ መንገር ከብዷት ነው።»

ውሃውን ሳትጠጣ ወጣች። ሚጡ የጆሮ ማዳመጫ አድርጋ ስክሪኗ ላይ አቀርቅራለች። ማበጠሪያ ዕቃዋን ስትሰበስብ አንድ ጊዜም ቀና አላለችም። የጆሮ ማዳመጫው ገመድ ከምንም ጋር አልተያያዘም፤ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ቤት ስትደርስ እናቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የሹራብ እጅጌ ትሠራለች። የያዘችውን ካርቶን አየችና «ነገሩሽ?» አለች።

«እማዬ፣ አንቺም ታውቂ ነበር?»

«አንድ ቤት ነን እኮ።» መርፌዎቹ አላቆሙም። «ከሁለታችሁ አንዳችሁ ሥራ ላይ የምትቆዩ ከሆነ እሷ ትቆይ እንጂ ምን ላድርግ? እሷ ገና ሰው ፊት ትቀርባለች፣ ነገ ታገባለች። አንቺ ያው አንቺ ነሽ። ደሞስ ገንዘቡ ከቤት ወጣ? ከግራ ኪስ ወደ ቀኝ ኪስ ነው። በይ ያን ክር አቀብዪኝ።»

አቀበለቻት።

ሚጡ ስትመጣ ሁለቱ በሚተኙበት ክፍል ተገናኙ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ በሁለቱ አልጋዎች መካከል አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል። ሚጡ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ትፈታ ጀመር።

«መጀመሪያ እምቢ ብዬው ነበር» አለች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሰው ፊት ሥራዬን ያጠፋሽበት ቀን ትዝ አለኝ።» በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። «ያን ቀን ባታጠፊው ኖሮ እምቢ እንዳልኩ እቀር ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠይቄዋለሁ። እንጃ።»

እትዬ አላለቻትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀረ።

ማበጠሪያ ሥራ ፈለገች። የሄደችባቸው ቢሮዎች ሥራዋን አይተው ያደንቃሉ፤ ከዚያ «እንደውልልሻለን» ይላሉ። አንዱ እንዲያውም «ይሄን ካየን በኋላ ቢሮ ያሉት ልጆቻችንም እንደዚህ ይሥሩ ብለናል» አላት፣ እንደ ምርቃት። ቀን ቀን ቤት እየዋለች ወደ ልጅነት ሥራዋ ተመለሰች፤ እናቷ ትሠራለች፣ እሷ ክር ትፈታለች። ማታ ሚጡ ስትገባ እናትየዋ «ደከመሽ የኔ ቆንጆ?» ብላ ትነሳላታለች። በዚያች ቤት ማበጠሪያን ደከመሽ ያላት ሰው ኖሮ አያውቅም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሚጡ ላፕቶፑን ይዛ መጥታ ክሩ መካከል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ዓይኗ ቀልቷል።

«የሆስፒታሉ ነው። ደንበኛው የክንፎቹን ርዝመት ቀይሮት አስተካክዬዋለሁ። ነገ ጠዋት ልኩ ወደ ፋብሪካ ይሄዳል። አንዴ ብቻ እይልኝ።»

ማበጠሪያ ክሯን መፍታት ቀጠለች።

«እይላት እንጂ» አለች እናትየዋ። «ዓይንሽ አያልቅ።»

አየች። ግራፉ የራሷ ነው። ሚጡ ቀለሞቹን ጠብቃለች፣ አዲስ የጨመረችውንም በወጉ አጥራዋለች። ከግራ ወደ ቀኝ አነበበችው፣ የለመደችውን መንገድ እንደሚሄድ ሰው። ቢጫው ጋ ስትደርስ ዓይኗ ቆመ። ከቢጫው ሥር አንድ ሽቦ ወጥቶ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እንዳይታይ ሳጥኖቹ ሥር ተሸጉጧል።

የሕንፃው ግራ ክንፍ ሰሌዳዎቹ ከዳር ወደ መሃል ይቆጠራሉ፤ የቀኙ ከመሃል ወደ ዳር። ሚጡ ቸኩላ የግራውን ሳጥኖች ገልብጣ ቀኙ ላይ ለጥፋቸዋለች፤ ቁጥሩ እምቢ ሲላት በዚያች ሽቦ ወደ ኋላ ጎትታ አስገድዳዋለች። ስክሪኑ ላይ ያለው ሕንፃ የሚሳለው በሌላ ሽቦ በኩል ስለሆነ ምንም አይታይበትም፤ ያማረ ነው። ወደ ፋብሪካው የሚሄደው ልክ ግን የቀኙን ክንፍ መስኮቶች በሙሉ በተቃራኒው ወገን ያስቆርጣቸዋል። ማበጠሪያ ያኔ «የቀኝ ክንፍ ቁጥር ከመሃል ይጀምራል» ብላ የጻፈችው ማስታወሻ እዚያው ነበር። ሚጡ አዲስ ሳጥን አስቀምጣበታለች።

«እንዴት ነው?» አለች ሚጡ።

ማበጠሪያ ስክሪኑን ወደ ግራ ገፋችው፣ ወደ ቀኝ መለሰችው።

«ሥርዓት ይዞልሻል» አለች።

«ስህተት የለውም?»

«እኔ አላየሁም።»

«እውነት፣ እትዬ?» የቀረው ቃል ተመለሰ።

«ላኪው።»

ሚጡ ጎንበስ ብላ ትከሻዋን ሳመቻት። እናትየዋም ከመስኮቱ ሥር «አያችሁ? እህትነት ማለት ይሄ ነው» አለች። ማበጠሪያ ተነስታ እጇን ታጠበች። ያን ዕለት ምንም አልተሰማትም፤ እንቅልፏም ጥሩ ነበር።

ሰሌዳዎቹ ተቆርጠው ደረሱ። የግራው ክንፍ ልክክ ብሎ ገባ። የቀኙን መስቀል ሲጀምሩ መስኮት የሚሆነው ቀዳዳ ምሰሶ ላይ ያርፋል፣ መስኮት መሆን ያለበት ቦታ ድፍን ግድግዳ ነው። የደንበኛው ተወካይ ቢሮ ድረስ መጣ። ኃላፊው ሚጡን ሰው ሁሉ ባለበት አቆማት፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። እስክሪብቶ ሰጥቶ «እስቲ ለእንግዳችን መጻፊያው ነጭ ሰሌዳ ላይ ሳይላቸው። ግራ የቱ ነው? ቀኝስ የቱ ነው? በየቱ እጅሽ ነው የምትጽፊው?» አላት። ሳለች። ግራና ቀኙን አምታታ ሳለች። ሸረሪቱ በስልኩ ቀረጻትና ለሌላ ቢሮ ጓደኞቹ ላከላቸው።

በማግሥቱ ኃላፊው ማበጠሪያ ዘንድ ደወለ። «አንድ ቀን መጥተሽ ብታስተካክዪልን» አለ፤ «ያንቺን እጅ የሚያህል የለም።»

ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ ሄደች። የድሮ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፤ ሚጡ ከጎኗ በርጩማ ላይ። ግራፉን ከፈተች፣ ቀጥታ ቢጫው ጋ ሄደች፣ ማስታወሻው ላይ የተቀመጠውን ሳጥን አነሳች፣ ከሥር የተሸጎጠችውን ሽቦ ስባ አወጣቻት፣ ቆረጠቻት። የቀኙን ክንፍ ከመሃል አስጀመረችው። የቀዱላት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ሥራው አለቀ።

ሚጡ ስክሪኑን ሳይሆን እሷን ነበር የምታየው።

«አልፈለግሽውም» አለች ቀስ ብላ።

«ምኑን?»

«ስህተቱን። ሰው መጀመሪያ ይፈልጋል። አንቺ ቀጥ ብለሽ ሄድሽ።»

ማበጠሪያ ስኳሩን አማሰለች።

«ያን እሑድ አይተሽው ነበር።»

«አይቼው ነበር።»

ሚጡ ራሷን ነቀነቀች፤ የሚስማማውን ዋጋ እንደሰማ ገበያተኛ። ቦርሳዋን አነሳች፣ ወንበሮቹ መካከል አልፋ ወጣች። ያን ቀን ማንም የት ነው የምትሄጂው አላላትም።

ኃላፊው ሥራውን አይቶ ተደሰተ፤ ውሃ ቀዳላት። ማበጠሪያ ውሃው ሲቀዳ ማወቅ ነበረባት።

«ልጅቷን አሰናብታለሁ» አላት። «ይሄን ያህል ጉዳት አድርሳ አትቆይም።»

«እኔ ከነገ ጀምሬ መግባት እችላለሁ።»

«አይ፣ ቦታው ይታጠፋል። ሸረሪቱ ደርቦ ይይዘዋል። ቀድሞም እንዳልኩሽ ሥራሽ ግልጽ ነው፤ ለሱም ቢሆን አይከብደውም።»

ሚጡ በዚያው ሳምንት ከቤት ወጥታ ጓደኛዋ ዘንድ ገባች። ለእናቷ ሁሉንም ነግራታለች። እናትየዋ ያን ማታ ማበጠሪያን እንደ ልጅነቷ ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠቻትና እጇን ያዘች። ትልቋ ልትመታኝ ነው ብላ ጠበቀች። አልመታቻትም። ጣቶቿን አንድ በአንድ እያየች «እጅ አለሽ ብዬ ነበር» አለችና ለቀቀቻት።

ማበጠሪያ በመጨረሻ አንድ የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ተቀጠረች። ግራፎቹ ትንንሽ ናቸው፣ ክፍሉ የብረት ብናኝ ይሸታል። አንድ ጊዜ ቆርጣ ተነሳች፤ ከእንግዲህ ምንም አልጽፍም፣ ሽቦውንም እንደወደቀ እተወዋለሁ፣ ያኔ ማንም ሊያባርረኝ አይችልም አለች። ጠዋቱን ሙሉ አወሳሰበችው። ምሳ አልወረደላትም። ከሰዓት በኋላ ራሷን እየሰደበች አንድ በአንድ ቀና አደረገችው፤ ቀለም ቀባችው፤ አናቱ ላይ ጻፈችበት። የድርጅቱ ባለቤት «ለምን ትደክሚያለሽ? ማን ያየዋል?» ይላታል። እውነቱን ነው።

ዓመታት ካለፉ በኋላ እናትየዋ ግማሽ አካሏ አልታዘዝ ብሎ አልጋ ያዘች። ሚጡ መሬት ቀያሽ አግብታለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ሁለቱ እህትማማቾች ከአልጋው ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፤ እጃቸውን ቢዘረጉ ይነካካሉ። የሚነጋገሩት ግን በእናትየዋ በኩል ነው።

«ትራሱን ከፍ ታድርግልሽ፤ በያት» ትላለች ሚጡ።

«ትራሱን ከፍ አድርጊልኝ ትላለች» ትላለች እናትየዋ በተያዘ ምላሷ።

«መድኃኒቷን በሰዓቱ ነው የምትሰጥሽ? ጠይቂያት።»

«ትሰጠኛለች።»

«አንቺን አይደለም፤ እሷን ጠይቂያት።»

«በሰዓቱ ነው በያት» ትላለች ማበጠሪያ።

እናትየዋ ታከታት። አንድ ቅዳሜ የተኛች መሰለች፤ ይነጋገሩ እንደሆን ለማየት ነው። አንዷን ዓይኗን በስሱ ከፍታ ትሰልላለች። ከምሳ ጀምሮ መብራት እስኪበራ ድረስ ተቀመጡ። ሚጡ ስልኳን ነካካች። ማበጠሪያ የብርድ ልብሱን ጠርዝ አጠፈች፣ ዘረጋች። አንዴ ሁለቱም እኩል ለውሃው ብርጭቆ እጃቸውን ሰደዱ፤ ሁለቱም እኩል መለሱት። በመጨረሻ ሚጡ ተነስታ የእናቷን ግንባር ሳመች፤ እንዳትቀሰቅሳት ጫማዋን በእጇ ይዛ ወጣች።

እናትየዋ ዓይኗን እንደጨፈነች «ሄደች?» አለች።

«ሄደች።»

«ምንም አላለችሽም?»

«ምንም።»

«አንቺስ?»

ማበጠሪያ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችላትና መብራቱን ለማጥፋት ተነሳች። «ተኚ» አለቻት።